«አማኑኤል የሚሠሩት»፦ ስለ ሳይካትሪ ሬዚደንቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል ያስገቡህ» ማለት (ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ማለት ነው) ዛሬም ስድብ ነው። ስድቡ ከታካሚው አልፎ እዚያ ለሚሠለጥነው ሐኪም ይተርፋል። ስፔሻሊቲ ጀመርኩ ሲል «ቀዶ ጥገና ነው? ልብ ነው?» ብለው በጉጉት ይጠይቁታል፤ ሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ነው ሲል ወሬው ይቀዘቅዛል። ጉዳዩ የሐኪሙ ቅሬታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጻፈበት ነበር። ስለ ሙያው ያለው የተዛባ ግምት ግን ታካሚውን ያዘገየዋል፤ ቤተሰቡም የሚጠየቀውን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

«ሌላ ያጣ ነው ሳይካትሪ የሚገባው»

የሳይካትሪ ሬዚደንት የሕክምና ትምህርቱን የጨረሰ፣ ኢንተርንነቱን ያሳለፈ፣ እንደማንኛውም ስፔሻሊቲ ተወዳድሮ ገብቶ ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥን ሐኪም ነው። በአገራችን ሥልጠናው የተጀመረው በፈረንጆቹ 2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም በዓመት ውስጥ በዙር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበረበት። ይህን ሥልጠና አገር ውስጥ ለማቆም የደከሙ ሰዎች ሌላ አጥተው የገቡ አልነበሩም።

«ሥራው ወሬ ነው፣ ሕክምና አይደለም»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ግምት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው።

ሬዚደንቱ ቀኑን የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ሌሊት ዱቲ ያደረው ሐኪም የተቀበላቸውን ታካሚዎች በሚያቀርብበት ሞርኒንግ ሴሽን ነው። ኮንሰልታንቱ (የሚያሠለጥነው ስፔሻሊስት) መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው ሙቀቱ ስንት ነበር፣ የልብ ምቱስ፣ ስኳር ተለካ ወይ፣ አንገቱ ግትር ነው ወይ፣ ጭንቅላቱ ላይ የመመታት ምልክት አለ ወይ እያለ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድንገት የሚለፈልፍ፣ ልብሱን የሚጥል፣ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። ወባ ወደ አንጎል ወጥቶ፣ ማጅራት ገትር ይዞት፣ ስኳሩ ወርዶ፣ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት፣ ወይም ለዓመታት የጠጣውን አረቄ በድንገት አቁሞ ሊሆን ይችላል።

መለያው ብዙ ጊዜ ትኩረት ነው። ሬዚደንቱ ታካሚውን የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ይጠይቀዋል። በሰውነት ሕመም አእምሮው የታወከ ሰው ቅዳሜ፣ ዓርብ ብሎ ይጠፋበታል፤ ጠዋት ደህና ይመስልና ሲመሽ ይብስበታል፤ ከድምፅ ይልቅ ምስል ያያል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ግን ድምፅ እየሰማም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀናቱን ቆጥሮ ይጨርሳል፣ የት እንዳለም ያውቃል። መጠጥ ካቆመ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየተንቀጠቀጠና እያላበው የመጣን ሰው «አበደ» ብሎ ሃሎፔሪዶል (የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት) ብቻ ወግቶ ማስተኛት ሊገድለው ይችላል። እሱ የሚያስፈልገው ዳያዜፓም (የሚያረጋጋ መድኃኒት)፣ ፈሳሽና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ-1) ነው። ታያሚኑ ደግሞ ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበት፤ ቫይታሚኑ የተሟጠጠበት አንጎል ግሉኮስ ብቻውን ሲገባለት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላልና። ሬዚደንቶች በሥልጠናቸው ዘመን የውስጥ ደዌና የኒውሮሎጂ ክፍሎችን የሚዞሩት ለዚህ ነው።

«ወሬ» የሚባለው ክፍልም ቢሆን ምርመራ ነው። አንዲት የገጠር እናት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ ዝም ቢሉ፣ አር-ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) የሆነ ጀማሪ «ጊዜ አታውቅም» ብሎ ካርድ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሲኒየሩ ጥያቄውን ይቀይረዋል፦ «እናቴ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?» «ሚካኤል» ይላሉ። ቀኑ 12 ነው፤ እናትየው ጊዜን በሚገባ ያውቃሉ። ከመቶ ላይ ሰባት እየቀነሱ መሄድን የሚጠይቀው ፈተናም ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው በብር ይጠየቃል፦ «መቶ ብር ይዘው የሰባት ብር ዕቃ ቢገዙ ስንት ይመለስልዎታል?» ረቂቅ ሐሳብ የመረዳት አቅም ደግሞ በተረት ይታያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ምን ማለት ነው ሲባል አንዱ «መተባበር ኃይል ነው» ይላል፤ ሌላው «አይ፣ ድር አንበሳ አይችልም» ይላል። ሁለተኛው መልስ ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ከትምህርቱና ከአስተዳደጉ ጋር ይመዘናል። ሲኒየሩ የጀማሪውን ካርድ ሲያርም ብዙ ቀይ መስመር የሚያሰምረው እዚህ ላይ ነው።

«በየቀኑ በታካሚ ይመታሉ»

አብዛኛው ታካሚ ማንንም አይመታም። የሚመታው ጥቂቱም ብዙ ጊዜ ስለፈራ ነው፤ ሊገድሉኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሲከቡት ራሱን ይከላከላል። ሬዚደንቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው አቀማመጥን ነው። ከታካሚው ፊት ለፊት ተፋጥጦ አይቀመጥም፣ ትንሽ ዘወር ይላል። በሩን ለታካሚውም አይዘጋበትም፣ ለራሱም መውጫ ያስቀራል። ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ ብርጭቆ፣ ከባድ ማኅተም አይኖርም። ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የሚያናግረውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «ተረጋጋ» ሲለው ማንም አይረጋጋም። ከዚያ የሚዋጥ መድኃኒት ይቀርብለታል፤ መርፌ የሚመጣው እምቢ ካለና አደጋው ካልቀነሰ ነው።

ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመርፌው በኋላ ነው። ታካሚው ዝም ሲል ሁሉም ይበተናል። በዚያች ሰዓት ግን ትንፋሹ፣ ደም ግፊቱና ሙቀቱ በየ15 ደቂቃው መታየት አለበት። በገመድ ታስሮ ከቤት የመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ገመዱ ተፈትቶ የእጁ ጣቶች መሞቅ አለመሞቃቸው፣ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸው ይፈተሻል፤ ለቀናት የታሰረ እጅ ነርቩ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል።

«መድኃኒቱ ያደነዝዛል፣ አንዴ ከተጀመረ ሱስ ነው»

የስኪዞፍሬኒያም ሆነ የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ግን ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ይታዘዛሉ፣ በረጅሙ የወሰደም ሰው ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አያቆምም። ስለዚህ «የአእምሮ መድኃኒት» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል።

የጎንዮሽ ጉዳት ግን እውነት ነው፤ ሬዚደንቱም ይህን መካድ የለበትም። ሃሎፔሪዶል በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ አንዳንዴ አንገት ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ቤተሰብ «መንፈሱ ተነሣበት» ይላል። በፕሮሜታዚን መርፌ ወይም በቤንዝሄክሶል በአጭር ጊዜ ይፈታል። ችግሩ አስቀድሞ ካልተነገረ ታካሚው ያን መድኃኒት ሁለተኛ አይነካም፤ ለዚህ ነው ሲኒየሩ «ነግረሃቸዋል ወይ?» እያለ የሚነዘንዘው። ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና የአእምሮ መደናገር አብረው ከመጡ ግን መድኃኒቱ ወዲያው ቆሞ ታካሚው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፤ ያ ሕይወት የሚያጠፋ ነው።

«ፀበል የሄደን ያባርራሉ፣ ሃይማኖት ይከለክላሉ»

እንጦጦ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ያልመጣ ታካሚ በተመላላሽ ክፍሉ ብዙ አይገኝም። ሬዚደንቱ «የት የት ሄዳችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ለመክሰስ አይደለም። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተሞከረ፣ መድኃኒት መቼ እንደተቋረጠ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ሰውየው በፀበሉ ሰላም ካገኘ ይቀጥላል፤ የሚለመነው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

የጾም ጉዳይ በደንብ መታወቅ አለበት። ሊቲየም (ለባይፖላር ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ሊሆን ይገባል፤ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ፣ ጨው የቀነሰ፣ በዚያ ላይ ያስታወከ ወይም ያስቀመጠው ሰው ኩላሊቱ ሊቲየሙን ይይዘዋል፤ ክኒኑ ሳይጨመር በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። እጁ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ አረማመዱ እንደ ሰካራም ይሆናል። በረመዳን ለሚጾም ሙስሊም ታካሚም ጉዳዩ ያው ነው። ስለዚህ ሬዚደንቱ ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን በፊት ደም ያስለካል፤ ናሙናው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። መጠኑን ወደ ማታ ያዞራል፣ አንዳንዱን ታካሚ ደግሞ በግልጽ «ዘንድሮ አይጹሙ» ይለዋል። ያን ጊዜ የንስሐ አባታቸውን ወይም ኢማማቸውን ይዘው ቢመጡ ሥራው ይቀላል፤ ካህኑ ሲፈቅዱ የሐኪሙ ምክር ይሰማል።

«ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን መስጠት ነው»

አይደለም። መጠየቅ ማንንም አይገፋም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። አጠያየቁ ግን ደረጃ አለው፦ መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? ባልነቃ ብለው ተመኝተው ያውቃሉ? ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል? እንዴት ብለው አሰቡ? ከዚህ በፊትስ ሞክረው ያውቃሉ? ዛሬ ማታ ማን አብሮዎት ያድራል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ተግባራዊ ነው፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ወደ ቤት አይላክም። ቤተሰብም መድኃኒቱን ራሱ እንዲይዝና የሳምንቱን ብቻ ቆጥሮ እንዲሰጥ፣ የእርሻ ፀረ ተባይ ካለ ከቤት እንዲያወጣ ይነገረዋል።

«በኤሌክትሪክ ያቃጥላሉ»

ይህ የሚባለው ስለ ኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ) ነው። በዘመናዊው አሠራር ታካሚው በማደንዘዣ ይተኛል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ የሚነሣው የሚጥል እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ምግብና ውሃ ለከለከለ ድባቴ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ ለቀረ ሰው ፈጥነው ከሚሠሩት ሕክምናዎች አንዱ ነው። ለጊዜው የማስታወስ ችግር ያመጣል፤ ይህም ለቤተሰብ መነገር አለበት።

«ወንጀለኛ እብድ ነኝ ብሎ በእነሱ በኩል ያመልጣል»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ኃላፊነት የሌለበትን፣ በአንቀጽ 49 በከፊል ያለበትን ሰው ይለያል፤ ፍርድ ቤቱ ሲጠራጠር የባለሙያ ምርመራ ያዛል። ሬዚደንቱ በፎረንሲክ (የፍርድ ቤት ጉዳዮች) ዙሩ ተጠርጣሪው በዋርድ ተኝቶ ቀንና ሌሊት ሲታይ ይከታተላል። የሚያስመስል ሰው ሐኪም ሲገባ ያብዳል፣ ምግብ ሲመጣ ይድናል፤ ሌሊቱን ያዩት ነርሶች ይህን ይጽፉታል። በዚያ ላይ ሐኪሙ የሚጽፈው አስተያየት ነው፤ ፍርዱ የዳኛው ነው።

«ከእብድ ጋር ሲውሉ እነሱም ያብዳሉ»

ሕመሙ አይተላለፍም። ድካሙ ግን አለ፤ ምንጩም ታካሚው አይደለም። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የካርዱ ክምር ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስቀራል፤ ዱቲ አድሮ ራውንድ የሚወጣ ሰው አለ፤ ታካሚው ድኖ ከወጣ በኋላ ፋርማሲው መድኃኒት አልቆበት ሲመለስ ማየት አለ። ሐኪሙን የሚበላው ይህ ነው። የሚረዳው ደግሞ ከኮንሰልታንቱ ጋር ቋሚ የክትትል ሰዓት ነው፦ የትኛው ታካሚ አናደደህ፣ የትኛውን ፈራህ፣ የትኛውን ለመርዳት ከልክ በላይ ሮጥክ የሚባልበት። ይህ ሰዓት በሥራ ብዛት ሲሰረዝ ሬዚደንቶች መጀመሪያ የሚያጡት ትዕግሥታቸውን ነው።

«ስለ ታካሚው ለሐኪም መናገር ማማት ነው»

አስታማሚዎች ታካሚው ፊት ዝም ይሉና ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ያስቆሙታል። ለብቻ መነጋገር ይቻላል፤ ሲገቡ መጠየቅ ነው። የሚጠቅመው «ተለወጠ» የሚለው አይደለም፤ እንቅልፉ በየት ወር ጠፋ፣ ምግብ መመርመር የጀመረው መቼ ነው፣ ጫትና መጠጥ ምን ያህል፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ የያዘው ማን ነበር የሚለው ነው። የድሮ ካርድና የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ባዶውም ቢሆን፣ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። የሚመጣውም ከተቻለ ታካሚው ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሰው ይሁን፤ ከክፍለ ሀገር በስልክ ተጠርቶ የመጣ አጎት ሌሊቱን አያውቅም።