«ክሪሻ» ምንድን ነው?

ክሪሻ በሩስያኛ የቤት ጣሪያ ነው። በ1990ዎቹ ግን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራው) አንድ ኪዮስክ የከፈተ ሰው «ክሪሻህ ማነው?» ሲባል፣ ስለ ቆርቆሮ እንዳልተጠየቀ ያውቃል። «ከኋላህ ማን አለ? ለማን ነው የምትከፍለው?» ማለት ነው። መልስ ካጣ፣ ብዙ ሳይቆይ ደረታቸው የሰፋ ጎረምሶች መጥተው «እኛ እንሁንልህ» ይሉታል። እኛ «ጥላ ከለላ» የምንለውን ነገር እነሱ ጣሪያ አሉት። ጣሪያው ግን በየወሩ ኪራይ ነበረው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ኡራልማሽን የመሰለ ቦታ የለም። ኡራልማሽ በሩስያዋ የካተሪንቡርግ ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በ1933 ሥራ ከጀመረው ግዙፍ የማሽን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንክ ሠርቷል፤ ኋላም ኤክስካቫተርና የነዳጅ መቆፈሪያ አምርቷል። መኖሪያ ቤቱም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ ስታዲየሙም የፋብሪካው ነበሩ። ሰፈር ውስጥ የተወለደ ልጅ ኳስም ቦክስም የሚማረው እዚያው ነው። አድጎም እዚያው ይቀጠራል።

ከዚያ ሶቭየት ኅብረት ፈረሰች። ጥር 2 ቀን 1992 መንግሥት የአብዛኛውን ዕቃ ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። በዚያ ዓመት ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ2,500 በመቶ አለፈ። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ የባንክ ገንዘብ የአንድ ሰሞን አስቤዛ የማይገዛበት ጊዜ መጣ። ደመወዝ ለወራት ይዘገያል። በአንዳንድ ከተሞች ፋብሪካዎች በገንዘብ ፋንታ ያመረቱትን ዕቃ ለሠራተኛው ያድላሉ። እሱም ብርጭቆውን ወይም ፎጣውን ተሸክሞ መንገድ ዳር ይቸረችራል። የወንዶች አማካይ ዕድሜ በ1994 ከ58 ዓመት በታች ወርዶ ነበር። ይሄ በጦርነት የመጣ ቁጥር አይደለም።

በሌላ በኩል ገንዘብ የሚታይበት አዲስ ነገር ነበር፤ ንግድ። በ1988 የወጣው የኅብረት ሥራ ሕግ ለግል ሥራ በር ከፍቶ ነበር። ኪዮስኩ፣ ገበያው፣ የጥገና ቤቱ በዛ። ታዲያ ነጋዴው ቢዘረፍ ወዴት ይሂድ? ፖሊሱ ራሱ ደመወዝ አልደረሰውም። ፍርድ ቤቱ ለግል ንግድ አዲስ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የነጋዴውም ወረቀት ብዙ ጊዜ ንጹሕ አልነበረም፤ ግብሩን በሙሉ ከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ክፍተቱን የሞሉት ስፖርተኞች ናቸው። ቦክሰኞች፣ የነጻ ትግል ልጆች፣ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎች። መንግሥት ያሠለጠናቸው፣ ከዚያ የረሳቸው። አንድ ሰፈር፣ አንድ ጂም፣ እርስ በርስ መተማመን አላቸው። ሌላ የሚሸጥ ዕቃ አልነበራቸውም። የኡራልማሽ ቡድን የሚባለው የተነሳው እንዲህ ነው።

ሥራው እንዴት ነበር? ሁለት ነጋዴዎች በዕዳ ተጣሉ እንበል። እነሱ አይከራከሩም። እያንዳንዱ ክሪሻውን ይጠራል። ክሪሻዎቹ «ስትሬልካ» ይቀጣጠራሉ፤ ቃሉ ትንሽ ቀስት ወይም የሰዓት ጠቋሚ እጅ ማለት ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ፣ መኪና በመኪና ፊት። አብዛኛው ስትሬልካ በወሬ ያልቅ ነበር። እዚያ ላይ ንግግር ማወቅ ከጡንቻ ይበልጣል፤ አፉ ያመለጠው ሰው ለተናገረው ዋጋ ይከፍላል። ወሬው ካልያዘ «ራዝቦርካ» ይሆናል፤ ያኔ ነው ጥይት የሚጮኸው። የጠፋ ዕዳ ላስመለሰ ክሪሻ ደግሞ አንዳንዴ የገንዘቡ ግማሽ ይሰጠው ነበር።

ብዙ ሰው ክሪሻን ተራ ዝርፊያ አድርጎ ነው የሚያወራው። ጅማሬው ዝርፊያ መሆኑ አያከራክርም፤ ኪዮስክ ያቃጠሉትም የሚያስከፍሉትም እነዚያው ናቸው። ግን ነጋዴው ቀስ በቀስ ሲከፍል የሚያገኘው ነገር ነበር፦ የሚታመን ሸሪክ፣ የሚመለስ ዕዳ፣ ሁለተኛ ጉልቤ የማይመጣበት በር። መንግሥት በግብር ሊሰጠው የሚገባውን ነገር ከጂም ልጅ ገዛው ማለት ነው። ለዚህ ነው «ባንዲት» (ሽፍታ) የሚለው ቃል ብቻውን ነገሩን የማይገልጸው።

መንግሥት ሲነቃ ገበያው ውስጥ ገባ። በ1992 የግል ጥበቃ ድርጅቶችን የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከኬጂቢ (ከሶቭየት የስለላ ድርጅት) እና ከፖሊስ የለቀቁ መኮንኖች ቢሮ ከፈቱ፤ ውልና ማኅተም ያለው ጣሪያ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ሥራ ላይ ያሉትም ተከተሏቸው። «ቀይ ጣሪያ» የሚለው ስም የወጣው ለእነሱ ነው። ነጋዴውም ሲያሰላው፣ መታወቂያ ያለው ጉልቤ ይሻላል አለ።

የኡራልማሽ ልጆችስ? በ1999 በሕጋዊ መንገድ የፖለቲካ ማኅበር አስመዘገቡ። ፖሊስ የተደራጀ ወንጀለኛ ቡድንን የሚጠራው «ኦፔኤስ» በሚል ምህጻረ ቃል ነው። እነሱም «ኅብረተሰባዊ ፖለቲካዊ ኅብረት» ብለው ተሰየሙ፤ በሩስያኛ ሲያጥር ያው ኦፔኤስ ነው። ቀልዱን ከተማው በሙሉ ገባው። መሪያቸው በ2005 እስር ላይ እያለ ሞቶ ተገኘ።

ቃሉ ግን አልሞተም። ግስም ወጥቶለታል፤ «ክሪሼቫት»፣ ጣሪያ መሆን። ዛሬ የሩስያ ጋዜጣ ላይ ይህን ግስ ያየ አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ቦክሰኛ አይደለም። የታሰረ የፖሊስ አዛዥ ነው።