ቫዮሌት አረም አይደለችም

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ግቢ ያላችሁ፣ ከዛፍ ሥር ሳር አልበቅል ካላችሁ መፍትሔው እየነቀላችሁ የምትጥሏት ተክል ልትሆን ትችላለች። ሚያዝያ ላይ ወይን ጠጅ አበባ የምታወጣው፣ ቅጠሏ ልብ የሚመስለው፣ ከስንዝር ብዙም የማታልፈው ቫዮሌት።

«አረም ናት» ይሏታል። የአገሩ ተወላጅ ናት። ኢሊኖይ፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድ ቫዮሌትን የግዛታቸው አበባ አድርገዋል።

«ጥላ ውስጥ አታብብም» የሚሉም አሉ። ታብባለች። ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ፀሐይ እስከ መሬት ይደርሳል፤ እሷም ያኔ ትፈነዳለች። በኋላ ጥላው ቢከብድም ቅጠሏ አፈሩን ሸፍኖ ይቆያል።

«አበባዋ ከረገፈ አለቀ» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያስቆጨኛል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። አፈር ሊነካ የደረሰ፣ እንቡጥ የመሰለ፣ ጭራሽ የማይከፈት አበባ አለ። ንብ ሳይነካው ራሱን በራሱ አዳቅሎ ዘር ይይዛል። ፍሬው ሲደርስ ለሦስት ተሰንጥቆ ዘሩን ያስፈነጥራል። ዘሩ ላይ ቅባት ያላት ትንሽ ነገር ስላለች ጉንዳን እሷን ብሎ ተሸክሞት ይሄዳል። ሳትተክሏት ሌላ ጥግ ብቅ የምትለው ለዚህ ነው። እና «ትስፋፋለች» የሚሏት እውነታቸውን ነው፤ ከጎመን መደባችሁ አርቋት።

«ቅጠሏ ከተበሳ መድኃኒት ይረጭ»? በፍጹም! ግሬት ስፓንግልድ ፍሪቲለሪ የምትባል ብርቱካናማ ቢራቢሮ አለች። አባጨጓሬዋ ከቫዮሌት ቅጠል ሌላ አይበላም። እንደተፈለፈለ ምንም ሳይቀምስ ብርዱን ደረቅ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ያሳልፋል። የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ በከረጢት ስታወጡ እሱም አብሮ ይሄዳል። እባካችሁ፣ ከቫዮሌቱ ሥር ያለውን እንኳ ተዉት።

መስኮት ላይ የምናስቀምጣት አፍሪካን ቫዮሌት ደግሞ ዘመዷ አይደለችም። የታንዛኒያና የኬንያ ተራሮች ልጅ ናት፤ ውጭ ብትተክሏት ውርጭ ይገድላታል።

«ትመርዛለች» ለሚሉም፣ አበባዋና ለጋ ቅጠሏ ሰላጣ ላይ ይበላል። ሥሯን ግን አትብሉ፤ ያቅለሸልሻል። መድኃኒት የተረጨበት ቦታም አትልቀሙ። ሌሰር ሰላንዳይን የሚባለው፣ የዲሲውን ሮክ ክሪክ ፓርክ የወረረው መጤ ተክል ቅጠሉ ልብ ስለሚመስል ያሳስታል፤ ጥሬውን ደግሞ መርዛማ ነው። እሱ ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ አበባው ቢጫና ብዙ የአበባ ቅጠል ያለው ነው። ቫዮሌት ግን የአበባ ቅጠሏ አምስት ብቻ ነው። ተክሉ ካላበበ አትቅጠፉት።