ክሊፒንግ ምንድን ነው? ጉልበት ሲበዛ መሪ ለምን ይደነዝዛል?

የመጀመሪያ የመኪና ጌም መሪዬን ጠረጴዛ ላይ ያሰርኩ ቀን የፎርስ ፊድባኩን ጉልበት 100 ላይ አደረግኩት። ጉልበት በበዛ ቁጥር እውነተኛ መኪና የሚሆን መስሎኝ ነበር። ክንዴ እስኪዝል ነዳሁ። መኪናው ግን ኩርባ ላይ ሳያስጠነቅቅ ይከዳኛል። ለሳምንታት ጥፋቱን እጄ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ችግሩ ክሊፒንግ ነው።

መሪው ውስጥ ሞተር አለ። ጌሙ የፊት ጎማዎች ላይ ያለውን ኃይል ያሰላና ሞተሩን «ይህን ያህል ግፋ» ብሎ ያዘዋል። ይህ ነው ፎርስ ፊድባክ። ሞተሩ ግን ልክ አለው። ሎጂቴክ ጂ29 የሚባለው መሪ የሚሰጠው 2 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ የሚባለው ደግሞ 5 ይሰጣል፣ በትልቁ ፓወር ሰፕላይ 8 ይደርሳል። የተሰላው ኃይል ከጣሪያው ሲያልፍ ትርፉ ይቆረጣል። ክሊፒንግ የሚባለው ይህ መቆረጥ ነው።

እስከ 5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ሚዛን አስቡ። 5 ኪሎ ሽንኩርት ብትሰቅሉበት 5 ይላል። 7 ብትሰቅሉም 5፣ 10 ብትሰቅሉም 5። ሚዛኑ አልተበላሸም። መርፌው መሄጃ አጥቶ ነው።

ታዲያ ምን ይቀርብናል? ዋናው ነገር! መሪውን ስታጥፉ ጎማው ወደ መሃል ሊመልሰው ይታገላል። ባጠፋችሁ ቁጥር ትግሉ ይበረታል። የፊት ጎማው መንሸራተት ሊጀምር ሲል ግን፣ መንገዱን ከመልቀቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ያ ትግል ይላላል። መሪው እጃችሁ ላይ ቀለል ይላል። ያቺ ቅጽበት ናት ማስጠንቀቂያው። ኃይሉ ከ10 ወደ 7 ቢወርድም ሚዛናችን ያው 5 ስለሚል እናንተ ምንም አይሰማችሁም። ቤልጅየም ያለው ስፓ ትራክ ላይ ኦ ሩዥ የሚባለው ኩርባ ስትደርሱ መኪናው ቁልቁል ወርዶ ዳገቱ ሥር መሬት ላይ ይጫናል። መሪው ብዙ ሊነግራችሁ የሚገባው እዚያ ነው፣ ክሊፕ ያደረገ መሪ ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። አሴቶ ኮርሳ የሚባለው የመኪና ጌም ላይ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የፔዳል አፕ ክፈቱ። ከፍሬኑና ከነዳጁ አጠገብ የፎርስ ፊድባክ መስመር አለ፤ ክሊፕ ሲያደርግ ቀይ ይሆናል። ረጅምና ፈጣን ኩርባ ላይ ንዱ እንጂ በዝግታ ዞራችሁ አትፍረዱ። ኩርባው መሃል ቀይ ሆኖ ከቆየ ጉልበቱን ቀንሱ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ስትወጡ ለአፍታ ብልጭ ቢል ግን ተዉት። እንዲያውም አነስተኛ መሪ ላይ ጥቂት ክሊፒንግ መፍቀድ ይሻላል ባይ ነኝ። ጉልበቱ ከልክ በላይ ከወረደ ትንንሾቹ ንዝረቶች ይጠፋሉ።

መጀመሪያ ላይ መሪው ቀሎ ቅር ይላችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ታገሱት። ኩርባ መሃል ላላ ሲልባችሁ ደግሞ፣ «አልዞር አለኝ» ብላችሁ የበለጠ አትጠፉት። ትንሽ መልሱት፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጉ፣ የፊት ጎማው መልሶ መንገድ ይይዛል። መኪና ስትቀይሩ መስመሩን እንደገና እዩት፤ ለተራ የመንገድ መኪና የተስማማው ቁጥር ፎርሙላ መኪና ላይ መስመሩን ቀይ ሊያደርገው ይችላል።