የመርከብ ፓምፕን በታተመ ኮምፖዚት መጠገን

መርከብ መሐል ባሕር ላይ እያለ ፓምፕ ከቆመ ጣጣ ነው። የማቀዝቀዣው የባሕር ውኃ ፓምፕ ከሆነ ዋናው ሞተር ይግላል። የቢልጅ ፓምፕ ከሆነ ሞተር ክፍሉ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ መውጫ ያጣል። መለዋወጫ ከሌለ ወደብ እስኪደረስ መጠበቅ ነው። ፓምፑ አሮጌ ከሆነና ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ደግሞ ወደብ ላይም አይገኝም። የተሰበረውን ክፍል እዚያው በስሪዲ ፕሪንተር አትሞ የመተካት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ጭንቅ ነው።

ኮምፖዚት (ፕላስቲክ ከፋይበር ጋር የተዋሐደበት ዕቃ) ኢምፔለር ራሱ አዲስ አይደለም። ኢምፔለር ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል ነው። በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተመሠረተው የአሜሪካው ሲምስ ፓምፕ ከኮምፖዚት እየቆረጠ ለመርከቦች ሠርቷል። አዲሱ ነገር ማተሙ ነው።

በደንብ ተጽፎ የሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ ነው። በ2014 ኤሴክስ የተባለችው መርከብ ላይ ፕሪንተር ተተከለ። በኦክቶበር 2018 ለአውሮፕላን ተሸካሚዋ ሃሪ ትሩማን ከእንፋሎት መስመር ውኃ የሚያስወግድ የታተመ የብረት ክፍል ተፈቀደ። ባሕር ኃይሉ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው ይላል። በ2023 ባታን በተባለችው መርከብ ላይ የባላስት ውኃን (መርከቡን ለማመዛዘን የሚጫነውን ውኃ) በአየር ግፊት የሚያስወጣው ኮምፕረሰር አንድ ክፍሉ ተበላሸ፤ በ5 ቀን ውስጥ እዚያው ታትሞ ተተካ። ሪምፓክ በተባለው የ2024ቱ የባሕር ኃይሎች የጋራ ልምምድ ደግሞ ለሶመርሴት መርከብ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ፓምፕ መያዣ በ34 ሰዓት ተሠራ። የሞተር ክፍል ሰው ይህን ሲሰማ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። የትሩማን፣ የባታንና የሶመርሴት ክፍሎች የብረት ሥራዎች ናቸው። ብረት የሚያትም ማሽን ግን ውድና ግዙፍ ነው። ኮምፖዚት የሚያትመው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

በንግድ መርከቦች በኩል ሜርስክ በ2014 ፕሪንተር ጭኖ ሞክሯል።

ለኮምፖዚት ማተሚያ የሚውለው ዕቃ ባብዛኛው ናይለን ነው፤ ውስጡ የደቀቀ ካርቦን ፋይበር አለበት። በጥቅል ክር መልክ ይመጣል። ፕሪንተሩ ያቀልጠውና በስስ ንብርብር ይደረድረዋል። አንዳንዱ ማሽን ያልተቆረጠ ፋይበርም መሐሉ ላይ ያስገባል፤ ጥንካሬው ያኔ በጣም ይጨምራል። ሥራው የሚጀምረው ስብርባሪውን ሰብስቦ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ከመለካት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተበላውን ጠርዝ እንዳለ የለካ ሰው የተበላ ኢምፔለር ያትማል። ሻፍቱ (የሚያሽከረክረው ዘንግ) የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የብረት ወይም የነሐስ ቡሽ (ቀለበት) ቢገባ ይመረጣል፤ ኢምፔለሩን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረውን ቁልፍ ጉልበት ናይለን ብቻውን አይችልም። ከዚያ ሚዛኑ ይታያል። ሚዛን የሌለው ኢምፔለር ቤሪንጉንም ውኃ እንዳይወጣ የሚያግደውን ሲልም ይዞ ይሄዳል።

የማይሆንበት ቦታም አለ። ናይለን ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ስለዚህ ከፓምፑ ቤት ጋር ያለው ክፍተት ጠቦ ሊፋተግ ይችላል። በንብርብሮቹ መካከል ያለው መያያዝ ደካማ ነው፤ ሲታተም አቅጣጫው ካልታሰበበት ክንፉ እዚያው ላይ ይቀነጠሳል። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በባሕር ውኃ ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የመስታወት ፋይበር ይሻላል። ለእንፋሎትና ለጋለ ዘይት ተራው ናይለን ጨርሶ አይታሰብም። ለቀዝቃዛ የባሕር ውኃና ለዝቅተኛ ግፊት ግን ጥሩ ነው፤ አይዝግምና እንዲያውም ከብረት የሚሻልበት ጊዜ አለ የሚሉ አሉ። እንደ ፓምፑ ነው።

የምደባ ድርጅቱ (መርከቦችን መርምሮ ብቃታቸውን የሚያረጋግጠው) ዲኤንቪ፣ ያኔ ዲኤንቪ ጂኤል ይባል ነበር፣ ስለታተሙ ክፍሎች መመሪያ ያወጣው በ2017 ነው። ከባሕር ዳር ከተማ ተመርቀው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩት የእኛ ማሪን መሐንዲሶችም የሚገዙት በየመርከባቸው የምደባ ድርጅት ሕግ ነው። የእሳት ማጥፊያው መስመር ለብቻው ይታያል። ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ካልተከለለ በቀር ለዋናው የእሳት ውኃ ቧንቧ እንዳይውል ይከለክላል። ስለዚህ ናይለን ይዞ ወደ እሳት ፓምፑ የሚሄድ መሐንዲስ መጀመሪያ የምደባ ድርጅቱን ይጠይቅ።