ጣፋጭ ሽታ ስኳር አይደለም፦ ስለ አልዛስ ነጭ ወይኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አልዛስ ነው? እንግዲያው ጣፋጭ ነው፤ ለእኔ ይቅርብኝ።» ወይን የሚያስቀምስ ባለሙያ ይህን ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል። ቀጭኑንና ረጅሙን ጠርሙስ ገና ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድራይ (ጣፋጭነት የሌለው) ነጭ ወይን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የሚሸሹት ሲፈልጉት የኖሩትን ወይን ነው።

የጠርሙሱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ይህ ቅርጽ ለአልዛስ ነጭ ወይኖች በሕግ የተደነገገ ነው፤ ፍጹም ድራይ የሆነውም ጣፋጩም በዚሁ ይታሸጋል። ከቅርጹ ተነስቶ ስለ ስኳሩ መናገር አይቻልም።

«የአልዛስ ወይን ሁሉ ጣፋጭ ነው»

አልዛስ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል ያለ ጠባብ ምድር ነው። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት የኮልማር ከተማ ከፈረንሳይ ዝናብ አጠር ከተሞች አንዷ ናት። ፍሬው እስከ ጥቅምት ድረስ ቀስ ብሎ እየበሰለ ብዙ ስኳር ያጠራቅማል። በፍሬው ያለው ስኳር ግን በጠርሙሱ አይገኝም፤ እርሾው እስከ መጨረሻው ከበላው ወደ አልኮል ይለወጣል። ሪዝሊንግ፣ ሲልቫኔርና ሙስካ ከሚባሉት የወይን ዝርያዎች በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው።

አመለካከቱ መነሻ የለውም ማለት አይደለም። ፒኖ ግሪ እና ጌቩርትስትራሚነር ከሚባሉት ዝርያዎች የተሠሩ ወይኖች ያልተለወጠ ስኳር እያለባቸው፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም ሳይጻፍ ለገበያ የሚቀርቡበት ጊዜ ነበር። ይህን ለማስተካከል ከ2021 እ.ኤ.አ. ምርት ጀምሮ የጣፋጭነቱን ደረጃ መጻፍ ግዴታ ሆኗል። በመለያው ላይ ሴክ (ድራይ) የሚል በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ነው፤ ደሚ ሴክ እስከ 12፣ ሟሉ እስከ 45፣ ዱ ከዚያ በላይ። አሲዱ ከፍ ያለ ከሆነ ሴክ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል። ቫንዳንዥ ታርዲቭ ወይም ሴሌክሲዮን ደ ግራን ኖብል የሚል ካያችሁ ዘግይቶ ከተለቀመ ወይም ሻጋታ ካረፈበትና ተለይቶ ከተመረጠ ፍሬ የተሠራ ነው፤ እዚያ ጣፋጭነት ጠብቁ።

መለያውን አንብበውም «አይ፣ ይሄ ጣፋጭ ነው» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ የሚያታልላቸው አፍንጫቸው ነው። ጌቩርትስትራሚነር የጽጌረዳና ሊቺ የሚባል ፍሬ ሽታ አለው፤ አእምሮም ይህን ሽታ ከጣፋጭ ነገር ጋር ያያይዘዋል። ስኳር ግን አይተንም፤ ስለማይተንም አይሸትም። በማሽተት ብቻ «ስኳር አለው» ብሎ የፈረደ ሰው ገና ምንም አልቀመሰም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዱ። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ያዙና ትንሽ ጎንጭታችሁ ምላሳችሁ ላይ አምስት ሰከንድ ያህል አንከባልሉት። አሁን የሚሰማችሁ ጣፋጭነት፣ ኮምጣጣነት ወይም ምሬት ብቻ ነው። አፍንጫችሁን ስትለቁት ጽጌረዳው ተመልሶ ይመጣል፤ አብሮት የመጣው «ጣፋጭነት» ስኳር እንዳልነበረ ያኔ ይገባችኋል። ከዚያ ዋጡት ወይም ትፉት፤ ምራቃችሁ ከመንጋጋችሁ ሥር ምን ያህል እንደሚፈስ አስተውሉ። ብዙ ከፈሰሰ አሲዱ ከፍተኛ ነው።

አሲድ ስኳርን ይደብቃል። በተቃራኒው የጌቩርትስትራሚነር አሲድ ዝቅተኛ፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ13.5 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ስኳር ባይኖረውም አፍ ውስጥ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ምላሳችሁን ለማሠልጠን አንድ ሊትር ውሃ ከ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅሉ። በአራት ብርጭቆ እኩል አካፍሉት። አንዱን እንዳለ ተዉት፤ በሁለተኛው ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በሦስተኛው ሦስት ሩብ፣ በአራተኛው ሦስት ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጨምሩ። እነዚህ ከላይ ወደተጠቀሱት የ4፣ የ12 እና የ45 ግራም ወሰኖች የቀረቡ ናቸው። ያንኑ ያለ ሎሚ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። በንጹሕ ውሃው ግልጽ ሆኖ የሚጣፍጠው የ12 ግራሙ ብርጭቆ፣ ሎሚ ሲገባበት ጣፋጭነቱ እንዴት እንደሚቀንስ ታያላችሁ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሙቀት ቅመሱ፤ አንዱ ከፍሪጅ ሌላው ከጠረጴዛ ከመጣ ልምምዱ ከንቱ ነው።

«ቀለሙ ከደመቀ ተበላሽቷል»

የፒኖ ግሪና የጌቩርትስትራሚነር ፍሬ ልጣጭ ሮዝማ ስለሆነ ወይኑ ገና ወጣት ሳለ ወርቃማ ሊሆን ይችላል። የምትጠራጠሩት ወደ ቡናማ ካደላና ተቆርጦ የጠቆረ ፖም ሽታ ካለው ነው።

«ጠርሙሱ ታች የተቀመጠው ስኳር ወይም የብርጭቆ ስባሪ ነው»

የታርታሪክ አሲድ ጨው ነው፤ ብርድ ያወጣዋል፣ ጉዳትም የለውም።

«ነጭ ወይን በጣም መቀዝቀዝ አለበት»

ፍሪጅ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ሙቀት ሽታ ይታፈናል፤ አሲድና ምሬት ደግሞ ይጎላሉ። ቀላሉን ከ8 እስከ 10፣ ግራን ክሩውን (ከተመረጡ ቦታዎች የሚመጣውን) ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አቅርቡ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሃያ ደቂቃ አቆዩት። በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ረስታችሁት ከሆነ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ አሙቁት።

«ላምባ ይሸታል፤ ይመለስ»

ይህ ከጣፋጭነቱ ቀጥሎ የሚያናድድ ነው፤ ደኅና ሪዝሊንግ ወደ ኩሽና የሚመለሰው በዚህ ነውና። የላምባውን ሽታ የሚያመጣው በአጭሩ ቲ.ዲ.ኤን. የሚባል ንጥረ ነገር ነው። መነሻው በፍሬው ውስጥ ያሉት ካሮቲኖይዶች ናቸው፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ዘለላ ይበዛበታል፣ በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይም ይጎላል። ከሎሚ ልጣጭና ከማር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ የቆየ ሪዝሊንግ መልክ ነው። ገና አዲስ ወይን ውስጥ ፍሬውን ሁሉ ከሸፈነ ግን ነጥብ ቀንሱበት፤ ሚዛኑ ጠፍቷል።

መመለስ ያለበት ሌላ ነው፦ እርጥብ ካርቶን የሚሸት (ቡሹ የበከለው)፣ ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት። ለመለየት ብርጭቆውን አዙሩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የክብሪት ጭስ ከሆነ አየር ሲያገኝ ይጠፋል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ አይለቅም፤ ይብሳል እንጂ።

«ግራን ክሩ ከተባለ ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው»

ግራን ክሩ የሚባሉት ቦታዎች 51 ናቸው። ስያሜው ስለ ቦታው ይናገራል፤ ስለ አምራቹ ትጋት አይናገርም። ከእነዚህ ቦታዎች በሽሎስበርግ ግራናይትና በራንገን የእሳተ ገሞራ አለት ላይ የበቀሉ ሁለት ሪዝሊንጎችን አጠገብ ለአጠገብ ቅመሱ፤ ልዩነታቸውን ጻፉ፤ ዋጋቸውን ከዚያ በኋላ ጠይቁ። ወጣት ግራን ክሩ ሪዝሊንግ ሲከፈት ዝግ (ሽታውን ገና የማያሳይ) ሊሆን ይችላል። ግማሹን አስቀርታችሁ ጠርሙሱን በቡሹ መልሳችሁ ዝጉና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግስቱ እንደገና ቅመሱት፤ ነጥባችሁን የምትሰጡት ያን ጊዜ ይሁን።