ኮር አይ 7 ምንድን ነው?

«አይ ሰቨን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛው።»

አይ ሰቨን (ኮር አይ 7) የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው። ይህን ምክር የሚያድለው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምክሩን የሰማ አንድ ልጅ ሰሞኑን ዩዝድ ላፕቶፑን ይዞ ሐዋሳ ፒያሳ ያለችው ማተሚያ ቤቴ መጣ። የ3 ሜትር የሠርግ ባነር በፎቶሾፕ ከፈተ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ልጁ ማውዙን ይጎትታል፣ ሙሽራዋ ቆይታ ትከተላለች። «አይ ሰቨን እኮ ነው!» ይላል ደጋግሞ።

ነው፣ አልዋሹትም። ግን 7 ከክፍል ጓደኞቹ መካከል ያለው ደረጃ ነው። ልጅህ ካርዱን ይዞ «አንደኛ ወጣሁ» ቢልህ ደስ ይልሃል። ግን ስንተኛ ክፍል? ከ3ኛ ክፍል አንደኛ የወጣውንና ከ10ኛ ክፍል አምስተኛ የወጣውን አንድ ሒሳብ ስጣቸው እስቲ። ክፍሉ ጀነሬሽኑ ነው፣ ፕሮሰሰሩ የወጣበት ትውልድ።

የልጁ ማሽን አይ 7-6600ዩ ነበር። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ባለ 2 ኮር (ኮር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው በሉት)። በ2020 የወጣው አይ 5-1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ጀነሬሽን ነው፣ 4 ኮር አለው። አይ 5ቱ ጥሎት ይሄዳል። (መጨረሻ ላይ ያለችው 7 የግራፊክሱ ናት። እሷን እያሳየ «ይኸው ሰቨን» ያለኝ ሻጭ አለ።)

የመጨረሻዋን ፊደልም እዩ። ዩ የሚበላው ኃይል 15 ዋት አካባቢ ነው፣ ኤች 45 ዋት አካባቢ። ዩ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ ነው በሉት፤ አጭር ጥያቄ ላይ ቀልጣፋ ነው፣ ረጅም ፈተና ላይ ይዝላል። ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ ረጅም ፈተና ነው። ኤች ጠግቦ ነው የሚመጣው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ቶሎ ይርበዋል። ምሳሌዬ እዚህ ይብቃው።

ራም 16 ጊጋ ይሁን። ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ማንም የማይጠይቀኝ ስክሪኑን ነው። የብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ስክሪን ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉውን አያሳይም። ቀዩ ደብዝዞ ይታያችኋል፣ እናንተ ትጨምሩበታላችሁ፣ ባነሩ ሲታተም ሙሽራዋ ቲማቲም መስላ ትወጣለች። ከዚያ «ማተሚያ ቤቱ አበላሸብኝ» ይባላል። ለዲዛይነር ከ5ና ከ7 ክርክር ይልቅ ይሄ ይብሳል።

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ዊንዶውስ ላይ ዲስ ፒሲ (This PC) የሚለውን ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስን ክፈቱ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እዚያ ተጽፏል። ስቲከሩን አትመኑ፣ ስቲከር እኔም አትማለሁ።

ልጁ ባነሩን በእኔ ማሽን ጨረሰ። ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ የርስዎ መቼም አይ ናይን ነው» አለኝ።

አይ 5 ነው። 12ኛ ጀነሬሽን።