የድንጋይ ሱፍና የባዛልት ፋይበር አንድ ናቸው?

አዳማ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ «ፋይበር አለ?» ብትሉ፣ ባለሱቁ «የቱን?» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ስሙ ያምታታል።

የሁለቱም ዋና ጥሬ ዕቃ ባዛልት ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታዩት ያ ጥቁር ድንጋይ። ወደ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቀልጦ እንደ ማር ይዝለገለጋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቀለጠው ድንጋይ በኃይል በሚሽከረከር ጎማ ላይ ሲፈስ እየተበተነ አጫጭር ጭረት ይሆናል። ተጠቅጥቆ ፍራሽ የመሰለው የድንጋይ ሱፍ ይሄ ነው። ጣሪያ ሥር ገብቶ ሙቀት ይከላከላል። (የአዳማን ቆርቆሮ ቤት በሚያዝያ ቀትር የቀመሰ ጥቅሙን አይጠይቅም።) በፕላቲኒየም ሳህን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከተሳበ ግን ከፀጉር የቀጠነ ረጅም ክር ይወጣዋል። የባዛልት ፋይበር እሱ ነው። ይሸመናል፤ በሙጫ ተጣብቆም በኮንክሪት ውስጥ የማይዝግ የብረት ምትክ ይሆናል።

አስቤስቶስስ? እሱ ሌላ ማዕድን ነው። ማንም አላቀለጠውም፤ ከመሬት ሲወጣም ጭረት ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። የድንጋይ ሱፍ እዚያ ምድብ ውስጥ የለም፤ ቆዳ ግን ያሳክካል። ጓንትና ማስክ አድርጉ። እኔ አንዴ በባዶ እጄ ነክቼው ሌሊቱን ሙሉ ሳክ አደርኩ።